ዝልግልግ ፕላስቲክን በኢንጄክሽን መቅረጽ

ዝልግልግ ፕላስቲክን በኢንጄክሽን መቅረጽ ማለት ለመንፋት ወይም ለቱቦ ሥራ የተዘጋጀና ሲቀልጥ በዝግታ የሚፈስ ፕላስቲክን በኢንጄክሽን ማሽን ዕቃ አድርጎ ማውጣት ነው። የኢንጄክሽን ማሽን ቅልጡን በከፍተኛ ግፊት ወደ ዝግ ቅርጽ ማውጫ (ሞልድ) ያስገባል። ኢትዮጵያ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ከውጭ ስለምታስገባ አሮጌ ዕቃን ፈጭቶ እንደገና መሥራት ጥቅም አለው። ችግሩ የተፈጨው ፕላስቲክ ለሌላ ሥራ የተመረተ ሊሆን መቻሉ ነው።

ጀሪካንና ክዳኑ

በአዊ ዞን፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ ውኃ የሚቀዳበት ቢጫ ጀሪካን ጥሩ ምሳሌ ነው። አካሉ የሚሠራው በመንፋት (ብሎው ሞልዲንግ) ነው። ማሽኑ ትኩስ የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ታች ይለቃል፤ ሞልዱ ይዘጋበታል፤ ከዚያም አየር ሲነፋበት ቱቦው ተወጥሮ ከሞልዱ ግድግዳ ጋር ይለጠፋል። ክዳኑ ግን የኢንጄክሽን ሥራ ነው።

ቱቦው ሞልዱ እስኪዘጋበት ድረስ የራሱን ክብደት ተሸክሞ መንጠልጠል አለበት። ቅልጡ ቀጭን ቢሆን ተስቦ ይበጠስ ነበር። ስለዚህ ለጀሪካን የሚመረጠው ረጃጅም ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ ፖሊኤትሊን ነው። የሞለኪውሎቹ ርዝመት እጥፍ ሲሆን ዝልግልግነቱ 10 እጥፍ ያህል ይጨምራል። ጀሪካኑ ወድቆ ቶሎ የማይሰነጠቀውም በዚሁ መጠላለፍ ምክንያት ነው።

ልዩነቱ የሚለካው በ190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የቀለጠ ፕላስቲክ በ2.16 ኪሎ ግራም ክብደት ተገፍቶ በ10 ደቂቃ ውስጥ በትንሽ ቀዳዳ ስንት ግራም እንደሚወጣ በመመዘን ነው። የጀሪካን ፕላስቲክ ብዙውን ጊዜ ከ1 ግራም በታች ይወጣል። ለኢንጄክሽን የሚመረተው ግን ከጥቂት ግራም እስከ 20 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል።

ማሽኑ ውስጥ ሲገባ

ዝልግልጉ ቅልጥ ሞልዱን ሳይሞላ ከቀዝቃዛው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይረጋል፤ ዕቃውም ጎዶሎ ሆኖ ይወጣል። ግፊት ሲጨመር ሞልዱ ሊከፈትና ቅልጡ በጠርዙ ሊያፈተልክ ይችላል። ቢሞላም እንኳ ውስጡ የቀረው ውጥረት ዕቃውን ያጣምመዋል።

የመጀመሪያው ሐሳብ ሙቀት መጨመር ነው። በብርዳማው የእንጅባራ ማለዳ የረጋ ማር እሳት ዳር ሲቀመጥ ይፈሳልና ፕላስቲኩም እንደዚያው ይመስላል። ንጽጽሩ ግን ያሳስታል። የፖሊኤትሊን ሙቀት ከ200 ወደ 230 ዲግሪ ቢወጣ ዝልግልግነቱ የሚቀንሰው አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ከመጠን ያለፈ ሙቀት ደግሞ ሞለኪውሎቹን ይጎዳል፤ ሽታና የቀለም ለውጥም ያስከትላል። ፖሊኤትሊን ይበልጥ የሚታዘዘው ለፍጥነት ነው፤ በፍጥነት ሲገፋ የተጠላለፉት ሞለኪውሎች ወደ ፍሰቱ አቅጣጫ ይደረደራሉና ይቀጥናል። ለዚህም ሰፊ የመግቢያ ቀዳዳና አጭር መንገድ ያስፈልጋል፤ በጠባብ ቀዳዳ በኃይል ከተገፋ የዕቃው ገጽ ይሻክራል።

ከሁሉ በላይ የሚወስነው የዕቃው ግድግዳ ውፍረት ነው። የግድግዳው ውፍረት በግማሽ ሲቀንስ ተራ ፈሳሽን በዚያው መጠን ለማሳለፍ 8 እጥፍ ግፊት ያስፈልጋል። በቀለጠ ፕላስቲክ ጭማሪው ከዚህ ያነሰ ቢሆንም ቀላል አይደለም። ስለዚህ የጀሪካን ፍጭ ለስስ ኩባያ አይሆንም፤ ወፍራም ግድግዳ ላለው ዕቃ ግን ይሆናል። ይህን ሆን ብለው የሚያደርጉም አሉ፦ የፖሊኤትሊን የውኃ ቱቦ ማያያዣዎች ከራሱ ከቱቦው ዓይነት ዝልግልግ ፕላስቲክ በኢንጄክሽን ይሠራሉ፤ ከቱቦው ጋር መበየድና ግፊቱን ለ50 ዓመት ያህል መቋቋም አለባቸውና።

መቀላቀልና መለየት

የጀሪካን ፍጭን በቀላሉ ከሚፈስ ፖሊኤትሊን ጋር መቀላቀል የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ጥንካሬው ግን በዚያው መጠን ይቀንሳል። ፖሊፕሮፒሊን ከፖሊኤትሊን ጋር በደንብ አይዋሐድም፤ አንዳንድ ክዳኖችም ከእሱ ስለሚሠሩ ከመፍጨት በፊት ይነቀላሉ። ፒቪሲ ጨርሶ መግባት የለበትም፤ በዚህ ሙቀት ሊበሰብስና ማሽን የሚበላ አሲድ ሊያወጣ ይችላል። የተባይ መድኃኒት የያዘ ጀሪካን ደግሞ ለምግብና ለውኃ ዕቃ አይውልም።

በዕቃው ላይ በሦስት ማዕዘን ቀስት ውስጥ የሚታተመው 2 ቁጥር ፕላስቲኩ ከፍተኛ ጥግግት ያለው ፖሊኤትሊን መሆኑን ይናገራል እንጂ እንዴት እንደሚፈስ አይናገርም። አሠራሩን ማየት የተሻለ ነው። የተነፋ ዕቃ ከታች ቱቦው ተቆንጥጦ የተዘጋበት ቀጥ ያለ መስመር አለው፤ በኢንጄክሽን የተሠራው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቅልጡ የገባበት ትንሽ ነጥብ ይታይበታል።