ብድር የማይደርስላቸው ድሆች እና ብራክ

ብራክ የተባለው የባንግላዲሽ የልማት ድርጅት ከድሃም ድሃ የሆኑትን ፍለጋ አንድ መንደር ሲገባ ሥራውን የሚጀምረው ነዋሪውን ሰብስቦ መሬት ላይ ካርታ በማሣል ነው። መንገዱና እያንዳንዱ ቤት ይሣላል። ከዚያ ነዋሪዎቹ እየተከራከሩ ቤቶቹን ከባለጸጋው እስከ መጨረሻው ድሃ በየደረጃው ይመድባሉ። የጎረቤትን ጓዳ ከጎረቤት በላይ የሚያውቅ የለምና። ዝምድናና ቂም ምደባውን እንዳያዛቡት ደግሞ ሠራተኞቹ በታችኛው ደረጃ የተመደቡትን ቤቶች አንድ በአንድ እየዞሩ ያጣራሉ። ቤተሰቡ የሚያድረው ሴቷ በሰው ቤት ሠርታ ወይም ለምና በምታመጣው ነው? መሬቱ ከ400 ካሬ ሜትር ያንሳል? መሥራት የሚችል አዋቂ ወንድ የለም? ለትምህርት የደረሱ ልጆች ሥራ ገብተዋል? ገቢ የሚያስገኝ ከብትም ሆነ መሣሪያ የለም? ከአምስቱ ቢያንስ ሦስቱን የሚያሟላ ቤት ለመመረጥ ይበቃል።

አሠራሩ የተጀመረው በ2002 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብራክ ያኔ 30 ዓመት ሞልቶት ነበር። መሥራቹ ፋዝሌ ሀሰን አቤድ የሂሳብ ባለሙያ ነበሩ፤ ቺታጎንግ ከተማ ውስጥ የሼል ኩባንያ ኃላፊ ሳሉ የ1970ው አውሎ ነፋስ የባሕር ዳርቻውን ጠራረገው፤ በዓመቱም የባንግላዲሽ የነጻነት ጦርነት ተከተለ። ለንደን የነበራቸውን ቤት ሸጠው በ1972 ከህንድ የሚመለሱ ስደተኞችን ሱላ በተባለ የሰሜን ምሥራቅ ገጠር ማቋቋም ጀመሩ። ከ1980 እስከ 1990 ደግሞ የብራክ ሠራተኞች ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤቶችን እያንኳኩ፣ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን በግማሽ ሊትር ውሃ በጣት የተቆነጠረ ጨውና አንድ ጭብጥ የሸንኮራ ጥቁር ስኳር በጥብጦ መስጠትን ለእናቶች አስተማሩ። የሠራተኛው ክፍያ የሚወሰነው ተቆጣጣሪ ሲመጣ እናትየዋ ባስታወሰችው ልክ ነበር። ከድርጅቱ ታሪክ እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ሪፖርት አሳምሮ መጻፍ ደሞዝ አያስገኝም።

ብራክ በአነስተኛ ብድርም ስሙ የገነነ ነው። ድርጅቱን መሬት ላይ ወደሚሣለው ካርታ ያመጣው ግን ብድሩ የማይነካቸው ሰዎች መኖራቸው ነው። ምንም የሌላት ሴት ዕዳ ትፈራለች፤ አትከፍልም ብለው ስለሚሰጉ የብድር ቡድኑ አባላትም አይፈልጓትም፤ ብታገኝም ገንዘቡ ለዕለት ጉርሷ ያልቃል። ድሃ በሚባለው መንደር ውስጥም መበላለጥ አለ፤ ለድሃ ተብሎ የሚመጣው ነገር የሚቀረው መካከለኛው ድሃ ጋ ነው።

ስለዚህ ለእነዚህ ሴቶች ብድር ቀርቶ ስጦታ ሆነ። ላም ወይም ፍየሎች ይሰጧታል፤ እንዴት እንደምታረባቸውም ትማራለች። ላሟ እስክትወልድ ድረስ ርቧት እንዳትሸጣት ለጥቂት ወራት ሳምንታዊ ድጎማ ይቆረጥላታል። ልጅ ሲታመም ጥሪቷ ለመድኃኒት እንዳይሄድ የጤና ድጋፍ አለ፤ ትንሽ ትንሽ እንድትቆጥብም ትደረጋለች። በየሳምንቱ አንድ ሠራተኛ ቤቷ መጥቶ ላሟንም ደብተሯንም ያያል። ከመንደሩ አቅም ካላቸው ሰዎች ጭምር ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ላሟ ብትሰረቅ ወይም ሴትዮዋን የሚያስቸግር ቢመጣ የሚቆምላት እንድታገኝ ነው። ባለጸጋውን ከድሃዋ ጎን ማቆም የመበላለጥን ምንጭ አያደርቅም፤ ሆኖም በመንደር ውስጥ ሰው በቀላሉ የማይዳፈራት ያደርጋታል። ሁለት ዓመት ሲሞላ ድጋፉ ያበቃል፤ ይህ ምረቃ ይባላል።

ይሠራል ወይ ለሚለው ጥያቄ በልማት ሥራ እምብዛም የማይገኝ ዓይነት ማስረጃ አለ። በ2015 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት አሠራሩን በኢትዮጵያ፣ በጋና፣ በሆንዱራስ፣ በህንድ፣ በፓኪስታንና በፔሩ ፈትኖታል። ከአጥኚዎቹ ሁለቱ፣ አብሂጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ፣ በ2019 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ድጋፉ ካበቃ ከዓመት በኋላ በአብዛኞቹ አገሮች ቤተሰቦቹ ከማይደገፉት የተሻለ ይበሉና የበለጠ ጥሪት ይይዙ ነበር። የኢትዮጵያው ሙከራ በትግራይ፣ ውቅሮ አካባቢ፣ በማኅበረ ረድኤት ትግራይ በኩል ተካሄደ፤ የዕለት ቀለቡን የሸፈነው በ2005 የተጀመረው ሴፍቲኔት ነበር። ውጤቱም ጥሩ ነበር። በ2020 የተነሣው ጦርነት በዚያ አገር ከብትና ጥሪት ላይ ያደረሰውን ግን አንባቢ ያውቀዋል፤ ሳምንታዊ ጉብኝት ከጦር አያድንም።

ያልተሳካበትም አለ። ሆንዱራስ ውስጥ ለብዙዎቹ የተሰጡት ዶሮዎች በበሽታ አለቁ፤ ወጪው ከጥቅሙ በለጠ። ጋና ውስጥ ደግሞ አንዳንዶቹ ፍየል ብቻ፣ ሌሎቹ የቁጠባ ሂሳብ ብቻ እንዲያገኙ ተደርጎ ተሞከረ፤ ሁለቱም ለየብቻቸው የሙሉውን ጥቅል ያህል ዘላቂ ለውጥ አላመጡም።

ነገሩ ውድ ነው። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ያው የሳምንቱ ጉብኝት ነው፤ ፎቶ የሚነሣበት ፍየሉ እንጂ እሱ አይደለምና። እኛም አገር በጎች አከፋፍሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ በዚያው የሚቀር ፕሮጀክት ሞልቷል። እንዲህ ያለው ፕሮጀክት የብራክን መንገድ ሞክሬ አልሠራልኝም ሊል አይገባውም፤ አልሞከረውም።