የዶሮ እግር ለምን ይታመማል?

የዶሮ ነገር ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ወጡን ነው። እግሯን የሚያስታውስ የለም፤ ስትበለት ተቆርጦ የሚጣል ነውና። ዳሩ ግን የሥጋ ዶሮ የሚያረባ ሰው ትርፉም ኪሣራውም አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው በዚሁ በሚጣለው አካል ነው።

በመጀመሪያ የችግሩን ሥር እንመልከት። የካናዳው የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፥ ከ1957 ጀምሮ ሳይለወጥ የተጠበቀን የዶሮ ዘር ከ2005 ዘር ጋር አንድ ዓይነት መኖ እየሰጡ አሳደጉ። በ56ኛው ቀን የቀድሞው 905 ግራም ሲመዝን፥ አዲሱ 4,202 ግራም መዘነ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሸክም ያረፈው ገና ባልጠነከረ አጥንትና ጅማት ላይ ነው። ዶሮዪቱም ስትከብድ መሄድ ትታ ቀኑን በአብዛኛው ተኝታ ታሳልፋለች፤ የተኛችበት ጉዝጓዝ እርጥብ ከሆነ ደግሞ መከራዋ ይጀምራል።

ይኸውም እንዲህ ነው። ኩሱ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሞኒያ ይወጣል። እርጥበቱ የውስጥ እግሯን ቆዳ ያላላዋል፤ አሞኒያው ያቃጥለዋል። ቆዳው በመጀመሪያ ይጠቁራል፥ ቀጥሎ ቅርፊት ያበጃል፥ በመጨረሻም ይቈስላል። በቁስሉ ተሕዋስያን ገብተው እግሩን ያሳብጡታል። ያመማት ዶሮ ወደ መኖውና ወደ ውሃው አትሄድም፤ ስለዚህ ትከሳለች። ይህ ቁስል ገና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሊጀምር ስለሚችል፥ ዶሮዋ እስክታነክስ መጠበቅ መዘግየት ነው።

የሚያነክስ ሁሉ ግን በጉዝጓዝ የታመመ አይደለም። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ከተጠቀለሉ፥ በመኖው ውስጥ ቫይታሚን ቢ 2 ማነሱን መጠርጠር ይገባል። ማንጋኒዝ ሲጐድል የእግሩ ጅማት ከቦታው ይንሸራተታል። ካልሲየም፥ ፎስፎረስ ወይም ቫይታሚን ዲ 3 ሲያንስ ደግሞ አጥንቱ ይለሰልሳል። ስለዚህ መኖ በግምት ሲደባለቅ ዕዳው በእግር ይወጣል።

መከላከያው ብዙ ወጪ የለበትም። ወለሉ ላይ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር የሚደርስ ደረቅ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም አጭር ጭድ ይነጠፍ። ጉዝጓዙን በእጅ ጨብጦ መፈተን ነው፤ ተጨብጦ ከቀረ ርሷል፥ ሲለቁት ከተፈረፈረ ደኅና ነው። የውሃ መጠጫው ጠርዝ ከዶሮዎቹ ጀርባ ጋር እኩል እንዲሆን እያደጉ ሲሄዱ ከፍ ይደረግ፤ የሚያንጠባጥብ ካለ በዚያው ቀን ይጠገን። ክረምት ሲገባ ብርድን በመፍራት መስኮቱን ሁሉ መድፈን እርጥበቱንና አሞኒያውን ማፈን ነው።

በዓል ሲቃረብ በጠባብ ቤት ብዙ ዶሮ ማጐርም ሌላው ስሕተት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሕግ መሠረት፥ ልዩ ሁኔታ ካልተሟላ በቀር በአንድ ካሬ ሜትር ከ33 ኪሎ በላይ አይፈቀድም፤ ባለ 2 ኪሎ ዶሮ ሲሆን 16 ያህል ማለት ነው። ሙቀት ባለበትና ማናፈሻ በሌለበት ቤት ከዚህም ማነስ አለበት። መብራትንም ሌሊቱን ሙሉ አለማብራት ይጠቅማል፤ ጨለማ የሚያገኝ ጫጩት እግሩ ይጠናል።

ሕክምናውስ? ለውስጥ እግር ቁስል ዋናው መድኃኒት ደረቅ ጉዝጓዝ ነው፤ ቁስሉ ካልጠለቀ ጉዝጓዙ ሲለወጥ ሊድን ይችላል። የሚያነክሱትን ለይቶ መኖና ውሃ በአጠገባቸው ማኖር ይገባል። የቫይታሚኑ ጉድለት በጊዜ ከተደረሰበት ይታረማል፤ የተንሸራተተ ጅማት ግን አይመለስም። እግሩ አብጦ መግል ከያዘ የእንስሳት ሐኪም ይጠየቅ። አንቲባዮቲክ በራስ ፈቃድ መስጠት ተሕዋስያኑን መድኃኒት እንዲለምዱ ማድረግ ነው፤ ሐኪሙ ያዘዘው የመቆያ ቀን ሳይፈጸም የታረደ ዶሮም መድኃኒቱን ለበላተኛው ያቀብላል። ጨርሳ መቆም የተሳናትን ግን እያሰቃዩ ከማቆየት ቶሎ መገላገል ርኅራኄ ነው።

ከመካከላችን ተመርቆ፥ ከጓደኞቹ ጋር ተበድሮ ዶሮ ርባታ የሚጀምር አይጠፋም። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ የተባለው ለሰው ብቻ አይደለም። በየሳምንቱ አሥር ዶሮዎች አንሥቶ የውስጥ እግራቸውን ገልብጦ የሚያይ ሰው፥ ጉዝጓዙም መኖውም የደረሰበትን በዚያ ያነባል።