ዳዋ የዋጠውን መሬት በምንጣሮ ማሽን ያለ አደጋ ማጽዳት

ለጥቂት ዓመታት ሳይታረስ የቆየ መሬት ዳዋ ይውጠዋል። የወፍ ቆሎ፣ ቅንጨ አረም፣ ልዩ ልዩ እሾኻማ ቁጥቋጦና ረዣዥም ሣር ማሳውን ሲሸፍኑት ግጦሹ ይጠባል፤ የመስኖው ቦይ ይደፈናል፤ ቦታውም የአውሬና የተባይ መደበቂያ ይሆናል። ይህን መሬት በገጀራና በማጭድ ማጽዳት ብዙ ጉልበትና ብዙ ቀን ይጠይቃል። በትከሻ ተንጠልጥሎ በቤንዚን የሚሠራው የሣርና የቁጥቋጦ መቁረጫ ማሽን ሥራውን በእጅጉ ያፋጥነዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንጣሮ ማሽን የምንለው ይህንኑ ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ ማሽን ስለት በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ይዞራል። ጠጠር ወይም የሽቦ ቁራጭ ሲያገኝ እንደ ጥይት ያስፈነጥረዋል። ዓይኑን ያጣ ወይም ቅልጥሙ የተቆረጠ ገበሬ ደግሞ በምንጣሮው ያተረፈውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን ሲከፍል ይኖራል። ስለዚህ የልማት ሠራተኞችና የማኅበራት መሪዎች ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ከዚህ በታች ያሉትን ነጥቦች ለአባላቱ እንዲያስረዱ እናሳስባለን።

ደቦና ማሽን አይስማሙም

ገበሬው በደቦ ሲሠራ የለመደው ጎን ለጎን ተሰልፎ፣ እየተጫወተና እየተጋገዘ መሄድን ነው። በማጭድና በገጀራ ይህ ልማድ መልካም ነው፤ በምንጣሮ ማሽን ግን ለአደጋ ይዳርጋል። ማሽኑ ከሚሠራበት ቦታ በ15 ሜትር ዙሪያ ከኦፕሬተሩ በስተቀር ማንም ሰው መቆም የለበትም። ለመለካት እንዲቀል ሃያ ያህል ሰፋፊ እርምጃ ቢቆጠር ይበቃል። ከብት የሚጠብቁ ልጆች፣ ምሳ የሚያመጡ ሴቶችና መንገደኞች ሳያውቁ ወደዚህ ክልል እንዳይገቡ አንድ ሰው ለጥበቃ ብቻ ይመደብ። የደቦው ጓዶች የተቆረጠውን መሰብሰብ የሚችሉት ማሽኑ ወደ ሌላ ቦታ ካለፈ በኋላ ነው።

ኦፕሬተሩን ከኋላ መጥቶ ትከሻውን መንካት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በሞተሩ ጩኸት ምክንያት ስለማይሰማ ደንግጦ ሲዞር ስለቱም አብሮት ይዞራል። የሚፈልገው ሰው ካለ ከፊት ለፊት በሩቁ ቆሞ በእጁ ምልክት ይስጥ፤ ሞተሩ ከጠፋና ስለቱ መዞሩን ካቆመ በኋላ ይቅረብ።

መሬቱን አስቀድሞ በእግር መመርመር

ምንጣሮ ከመጀመሩ በፊት ቦታውን በዱላ እየገለጡ ማየት ያስፈልጋል። ድንጋይ፣ አሮጌ የአጥር ሽቦ፣ ጠርሙስና ብረታ ብረት ይለቀም። ሊነሣ የማይችለው ጉቶ፣ ኩይሳና ጉድጓድ ጨርቅ በታሰረበት እንጨት ምልክት ይደረግበት። የንብ ወይም የተርብ ጎጆ፣ የእባብም መኖሪያ መኖር አለመኖሩ ይታይ።

በሁለት ነገሮች ላይ ልዩ ጥንቃቄ እንዲደረግ እንጠይቃለን። አንደኛው ቁልቋልና ቅንጭብ ነው። የእነዚህ ተክሎች ወተት ዓይን ውስጥ ሲገባ ከባድ ሕመም ያስከትላል፤ ዓይንንም ሊጎዳ ይችላል። በማሽን ሲቆረጡ ወተቱ ስለሚረጭ በማሽን አይነኩ። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ሳያሹ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

ሁለተኛው ውጊያ የተካሄደበት መሬት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በነበረው ጦርነት፣ እንዲሁም ከዚያ በፊትና በኋላ ግጭት በነበረባቸው ስፍራዎች፣ ዳዋ የሸፈነው ፈንጂ ወይም ያልፈነዳ ጥይት ሊኖር ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚመለከተው ክፍል መሬቱ ንጹሕ መሆኑን ሳያረጋግጥ ምርመራውም ሆነ ምንጣሮው መጀመር የለበትም። አጠራጣሪ ነገር ያየ ሰው ሳይነካ በመጣበት መንገድ ይመለስና ለቀበሌው ያሳውቅ።

የኦፕሬተሩ አለባበስ

ኦፕሬተሩ ጠንካራ ቦቲ ጫማ፣ ወፍራም ረዥም ሱሪ፣ እጅጌው ረዥም የሆነ ሸሚዝና ጓንት ይልበስ። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ሻርፕና የሚንዘላዘል ልብስ በስለቱ ሊጠመጠም ስለሚችል አይፈቀድም። የፊት መከለያ መረብ ትናንሽ ስብርባሪዎችን ሁሉ ስለማያግድ ከሥሩ የዓይን መነጽር ይደረግ። የሞተሩ ጩኸት መስማትን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ በመሆኑ የጆሮ መከለያ የግድ ነው። ቅንጨ አረም የቆዳ ማሳከክና አስም ሊያስነሣ ስለሚችል አረሙ በበዛበት ቦታ አፍና አፍንጫ ይሸፈን።

የማሽኑ ማንገቻ በኦፕሬተሩ ቁመት ልክ ይስተካከል። ያለ ማንገቻና ያለ ስለት መከለያ መሥራት አይገባም። ሣሩ እየተጠመጠመ አስቸገረ ተብሎ መከለያው ቢፈታ ስብርባሪው የሚመጣው በቀጥታ ወደ ኦፕሬተሩ እግር ነው።

ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ ስለት

ለሣርና ለለስላሳ አረም የናይለን ገመዱ ይበቃል። ጥቅጥቅ ላለ ሣርና ለቀጫጭን ቁጥቋጦ ባለ ሦስት ጥርሱ የብረት ስለት ይሻላል። ጠንከር ላለ ግንድ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ክብ ስለት ያስፈልጋል፤ እርሱም ቢሆን የአምራቹ መመሪያ ከሚፈቅደው ውፍረት በላይ ላለው አይሆንም። ከዚያ የወፈረው የመጥረቢያና የመጋዝ ሥራ ነው።

የናይለን ገመድ ሲያልቅ በምትኩ ሽቦ ወይም ሰንሰለት ማሰር ሰው ሊገድል የሚችል ድርጊት ነው። ሽቦው ተበጥሶ ሲወረወር የት እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም። የተሰነጠቀ ስለትም በብየዳ አይጠገንም፤ ይጣላል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው፣ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ፍጥነት ሲሠራ ይታይ። በዚህ ጊዜ ስለቱ መዞር የለበትም፤ ከዞረ ማሽኑ ወደ ጥገና ይሂድ።

ነዳጅና ዘይት

ብዙዎቹ ማሽኖች ባለ ሁለት ምት ሞተር ስላላቸው ቤንዚን ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣቸዋል። መጠኑ በመመሪያው ላይ ይገኛል። 50 ለ 1 ለሚል ማሽን በ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር፣ 25 ለ 1 ለሚል ደግሞ 200 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ሞተር ዘይት ይገባል። ያለ ዘይት የተነሣ ሞተር ብዙም ሳይቆይ ይነክሳል። ነዳጅ የሚሞላው ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ሲነሣም ከተሞላበት ቦታ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። የጋለ ማርሚታ ደረቅ ሣርን ሊያቀጣጥል ስለሚችል በበጋ ማሽኑን ሣር ላይ ማስቀመጥ አይገባም፤ ውኃና አካፋም በአቅራቢያ ይኑር።

አቆራረጥ

የብዙዎቹ ማሽኖች ስለት ከላይ ሲታይ ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ ይዞራል። ስለዚህ ኦፕሬተሩ ማሽኑን ከቀኝ ወደ ግራ እየጠረገ ይቁረጥ፤ ቆራጩም በግራው ያለው የስለቱ ክፍል ይሁን። ስለቱን እንደ ሰዓት ገጽ ብናየውና 12 ቁጥር ከኦፕሬተሩ ፊት ለፊት ቢሆን፣ ከ12 እስከ 3 ያለው ክፍል ግንድ ወይም ድንጋይ ሲነካ ማሽኑ በኀይል ወደ ኋላና ወደ ቀኝ ይመታል። በዚህ ክፍል ግንድ መቁረጥ አይገባም። ስለቱንም ከወገብ በላይ ማንሣት ክልክል ነው።

በተዳፋት መሬት ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን አግድም እየሄዱ መቁረጥ ይሻላል። መሬቱ ሲረጥብና እግር ሲያንሸራትት ሥራው ይቁም። ሣር በስለቱ ላይ ቢጠመጠም ሞተሩን አጥፍቶ፣ ስለቱ መቆሙን አይቶ ማላቀቅ ነው። በተረፈ የሞተሩ ንዝረት ጣቶችን ስለሚያደነዝዝ ኦፕሬተሮች እየተፈራረቁ ይሥሩ። ድካም የጀመረው ሰው ማሽኑን ያስረክብ።

ከምንጣሮው በኋላ

የወፍ ቆሎ ከመሬት በላይ ብቻ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። በአፋርና በሌሎች ቆላማ ስፍራዎች የተስፋፋው ፕሮሶፒስም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ማሽኑ መንገድ ከከፈተ በኋላ ሥሩን በዶማ ቆፍሮ ማውጣት ይገባል። ቅንጨ አረም ደግሞ አብቦ ዘር ሳይጥል መወገድ አለበት። የወፍ ቆሎ ቅጠል ለከብት መርዝ ስለሆነ የተቆረጠው በግጦሽ ላይ ተበትኖ አይቀመጥ። የወንዝ ዳርና ቀጥ ያለ ተዳፋት ግን አይመንጠር፤ አገር በቀል ችግኞችም ይትረፉ። ጎርፍ አፈሩን ከወሰደው ምንጣሮው ጥቅሙ ምንድን ነው?

የማኅበሩ ኃላፊነት

የጋራ የሆነ ዕቃ ተጠያቂ ካልተመደበለት ቶሎ ይበላሻል። ማኅበሩ ማሽኑን የሚይዝ አንድ ኃላፊና የሠለጠኑ ሁለት ወይም ሦስት ኦፕሬተሮች ይሰይም። ማን፣ መቼ፣ ስንት ሰዓት እንደሠራበትና ምን እንደተጠገነ በመዝገብ ይጻፍ። ያልሠለጠነ አባል፣ የመሪው ወንድም ቢሆንም እንኳ፣ ማሽኑን አያንሣ። መነጽር፣ የጆሮ መከለያና ጓንት ከማሽኑ ጋር አብረው ይገዙ፤ ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ ግዢው እስኪበቃ ይቆይ። እስከዚያ ድረስ ገጀራው ይሠራል።