ሥራን በሩቅ ኮምፒዩተር ስለ ማሠራት

ፕሮግራም የሚጽፉ የሳይንስና የኢንጂነሪንግ ጓደኞቻችን አንዲት መስመር ካረሙ በኋላ እጃቸውን አጣጥፈው ኮምፒዩተራቸውን ሲጠብቁ የምናያቸው ሰንፈው አይደለም። ሰው ጽፎ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ኮምፒዩተሩ ሊፈጽመው ወደሚችለው ቋንቋ መተርጐም አለበት፤ ይህንም የሚሠራው ኮምፓይለር የተባለው ፕሮግራም ነው። አንድ ትልቅ ፕሮግራም በብዙ ሺህ ፋይሎች የተከፋፈለ ስለ ሆነ፥ ሁሉንም አስተርጕሞ አንድ ላይ ማያያዝ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ይህ ሁሉ በአንድነት ግንባታ ይባላል። የሥነ ጥበባት ፋኩልቲ ተማሪዎች በዚህ ነገር ምን አገባችሁ የሚለን ቢኖር፥ ጉዳዩ የትርጉም ጉዳይ ነውና ከእኛ የቀረበ የለም ብለን እንመልሳለን።

በ1976 (ዘመኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን) በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ስቱዋርት ፌልድማን ሜክ የሚባለውን መሣሪያ ሠራ። ምክንያቱ ተራ ነገር ነበር። ባልደረባው ስቲቭ ጆንሰን በፕሮግራሙ ውስጥ የነበረውን ስሕተት ካረመ በኋላ የታረመው ፋይል እንደገና ሳይተረጐም ቀርቶ፥ የተስተካከለውን ጽሑፍ ስሕተት አለበት እያለ ሲመረምር አንድ ጧት በከንቱ አለፈበት። ሜክ ይህን አስቀረ። የትኛው ፋይል በየትኛው ላይ እንደሚደገፍ አንድ ጊዜ ተጽፎ ከተሰጠው፥ ፋይሎቹ የተለወጡበትን ሰዓት እያመሳከረ መተርጐም ያለባቸውን ብቻ ያስተረጕማል።

ታዲያ የቱ በየቱ ላይ እንደሚደገፍ ከታወቀ ዘንድ፥ እርስ በርሳቸው የማይደጋገፉትን ባንድ ጊዜ ማሠራት ይቻላል። የራስ ኮምፒዩተር ካልበቃ የጎረቤትን መጨመር ነው፤ ባገራችን ቋንቋ ደቦ መጥራት ማለት ነው። በ2002 አውስትራሊያዊው ማርቲን ፑል ዲስትሲሲ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ያወጣው ለዚሁ ነው። ዲስትሲሲ በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ አንድ ፋይል ከሌሎች ፋይሎች የሚጠቅሰውን ሁሉ በባለቤቱ ኮምፒዩተር ላይ አስገብቶ፥ ሙሉ ጽሑፍ አድርጎ ወደ ጎረቤቱ ይልከዋል፤ ጎረቤቱም ተርጕሞ ይመልሳል። እንግዲህ ለደቦ የመጣ ሰው ማጭዱን ብቻ ይዞ እንደሚመጣ፥ የጎረቤቱ ኮምፒዩተር ኮምፓይለሩን ብቻ ይይዛል። ማጭዶቹ ግን አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ የኮምፓይለሮቹ እትም የተለያየ እንደ ሆነ ቁርጥራጮቹ ሲያያዙ ላይስማሙ ይችላሉ።

ጉግል ዘንድ ነገሩ ከዚህ ርቆ ሄዷል። ድርጅቱ በውስጡ ከሚገለገልበት ብሌዝ ከተባለ መሣሪያ የተገኘውን በ2015 ለሕዝብ ክፍት ሲያደርገው፥ የላቲን ፊደሎቹን አቀያይሮ ባዝል አለው። ባዝል ትርጉምን ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሙን መፈተንንም ወደ ሩቅ ኮምፒዩተሮች መላክ ይችላል። በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ሥራ ትእዛዙ፥ የሚያስፈልጉት ፋይሎችና ሥራው የሚፈጸምበት ሁኔታ ይመዘገባሉ። ከዚያም ሻ-256 በሚባል ስሌት ከዚህ ሁሉ አንድ አሻራ ይወጣል፤ ከፋይሎቹ በአንዱ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ሩቅ ያለው ሰርቨር ያንኑ አሻራ ከዚህ በፊት አግኝቶት እንደ ሆነ ሥራው ሁለተኛ አይሠራም፤ ውጤቱ ከጋራ ጎተራ ወጥቶ ይሰጣል። ጧት አንዱ ያስተረጐመውን ከሰዓት በኋላ ሌላው ሳይጠብቅ ይወስዳል ማለት ነው። አሻራው አዲስ ከሆነ ግን ሰርቨሩ ዘንድ የሌሉት ፋይሎች ብቻ ይላኩና፥ ሥራ ፈት የሆነ አንድ ኮምፒዩተር ይፈጽመዋል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ይመስላል። ችግሩ የሚመጣው ሳይነገር ከቀረው ነገር ነው። ፕሮግራም ጸሓፊው በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ ያለ አንድ ፋይል ለሥራው እንደሚያስፈልግ ሳይመዘግብ ቢቀር፥ በቤቱ ሳለ ምንም አይሰማውም፤ ፋይሉ እዚያው ስላለ ኮምፓይለሩ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ሥራው ወደ ሩቅ ሲላክ ግን የተመዘገበው ብቻ ይሄዳልና ግንባታው ይወድቃል። «እኔ ዘንድ ይሠራል» የሚባለው የታወቀ ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚህ ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ውድቀት ደግ ውድቀት ነው፤ የጐደለውን ያሳያልና።

ክፉው ሌላ ነው። ኮምፒዩተሮች ሁሉ በየራሳቸው የያዙት ኮምፓይለር ወይም ቤተ መጻሕፍት በመዝገቡ ካልገባ በአሻራውም አይገባም። እንግዲህ የሁለት ሰዎች ኮምፒዩተሮች የተለያየ እትም ይዘው ሳሉ አሻራቸው አንድ ይሆናል። አንደኛው በራሱ ኮምፒዩተር የሠራውን ውጤት ጎተራው ውስጥ ያስገባል፤ ሁለተኛው ለእርሱ የማይስማማውን እንደ ራሱ ቆጥሮ ይወስዳል። ምንም የስሕተት መልእክት አይወጣም። ፕሮግራሙ ከብዙ ቀን በኋላ በማይታወቅ ምክንያት ይሰናከልና ጆንሰን ያጣው ጧት ለብዙ ሰው ይዳረሳል። ስለዚህ ጠንቃቆች ኮምፓይለሩን ራሱን እንደ ማንኛውም ፋይል ይመዘግባሉ፤ በጎተራው ውስጥ የማስገባትን መብት ለታወቁ ሰርቨሮች ብቻ ሰጥተው፥ ሌላው ሰው እንዲወስድ እንጂ እንዳያስገባ ያደርጋሉ።

ጥንቃቄው ለጥፋት ያህል ብቻ አይደለም፤ ተንኰልም አለ። በ2020 መጨረሻ እንደ ተገለጸው፥ ሰርጎ ገቦች ሶላርዊንድስ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የግንባታ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብተው፥ ኦራይን የተባለው ፕሮግራም በሚገነባበት ሰዓት አንዱን ፋይል በሌላ ይለውጡ ነበር። ጸሓፊዎቹ በእጃቸው የያዙት ጽሑፍ ንጹሕ ነበር፤ የተበላሸው ሲተረጐም ነው። ውጤቱም የኩባንያውን ማረጋገጫ ይዞ ወጣና እስከ 18,000 የሚደርሱ ደንበኞች ዘንድ ደረሰ። ጽሑፉን አምኖ ተርጓሚውን ሳይመረምሩ መቀበል ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አናውቅም።

ኮምፒዩተር ማብዛትም ወሰን አለው። ጂን አምዳል በ1967 እንዳስረዳው፥ ከአሥር ደቂቃ ሥራ ውስጥ አንዱ ደቂቃ የማይከፋፈል ከሆነ፥ ሺህ ኮምፒዩተር ቢጠራም ግንባታው ከአንድ ደቂቃ በታች አይወርድም። የመጨረሻው ማያያዝ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ሥራ ነው። መስመሩ ቀርፋፋ ሲሆን ደግሞ ፋይሉ ሄዶ እስኪመለስ እቤት ተሠርቶ ባለቀ ነበር፤ ይህን የኢንተርኔታችንን ጠባይ ለሚያውቅ ተማሪ ማስረዳት አያሻም።

ባንድ ክፍል ውስጥ በገመድ ለተያያዙ ኮምፒዩተሮች ግን ይህ ሰበብ አይሆንም። ማታ ማታ ሥራ ፈተው በሚያድሩ አራት ወይም አምስት ኮምፒዩተሮች ላይ፥ ኃላፊውን አስፈቅዶ፥ ያንኑ እትም ኮምፓይለርና ዲስትሲሲን መጫን ይቻላል፤ ገንዘብ አያስከፍልም። ሥራ የሚቀበሉትም ከታወቁ አድራሻዎች ብቻ እንዲሆን መወሰን ያስፈልጋል፤ ዲስትሲሲ መጠበቂያ ሳይደረግለት ለኢንተርኔት ክፍት ከተተወ፥ ማንም ከውጭ የመጣ ሰው የትርጉም ሥራ አስመስሎ የፈለገውን ትእዛዝ በኮምፒዩተሩ ላይ ሊያስፈጽም ይችላል።