ለአሮጌና ለአዲስ ኮምፒዩተር የሚስማማ የዲቪዲ ራይተር አመራረጥ

የንግድ ሥራ መሠረቱ ሒሳብ፣ የሒሳብም ዋስትናው በደኅና የተጠበቀ መዝገብ መሆኑ የታወቀ ነው። በኮምፒዩተር የሚሠሩ የንግድ ቤቶች ከዚህ ቀደም የዓመቱን ሒሳብና የውላቸውን ቅጂ በሲዲና በዲቪዲ እየገለበጡ ያስቀምጡ ነበር። ዛሬ የሚገዛው ላፕቶፕ ግን አብዛኛው የዲስክ ማስገቢያ የለውም። ስለዚህ በጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ፣ ወይም በአካባቢዋ ከተሞች የሚነግድ ሰው አሮጌው ኮምፒዩተር ሲበላሽበት የሒሳብ ዲስኩ በእጁ እያለ ሊያነበው የማይችል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት ግብር ከፋይ ሰነዶቹን ለተወሰኑ ዓመታት ጠብቆ እንዲያቆይ በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የታዘዘ ስለሆነ፣ ነገሩ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው በዩኤስቢ የሚሰካውና በገበያ ኤክስተርናል ዲቪዲ ራይተር የሚባለው መሣሪያ ነው። መልኩ ሁሉ ተመሳሳይ በመሆኑ ገዥው ብዙ ጊዜ ዋጋውን ብቻ አይቶ ይወስናል። ይሁን እንጂ ከዋጋው አስቀድሞ የሚከተሉትን ነገሮች መመርመር ይገባል።

1ኛ/ ስለ ኤሌክትሪክ ኀይል፤ ቀጭኑ ራይተር ኀይሉን የሚያገኘው ከኮምፒዩተሩ ነው። በደንቡ መሠረት አሮጌው ዩኤስቢ 2.0 የሚሰጠው እስከ 500፣ አዲሱ ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ እስከ 900 ሚሊ አምፔር ነው። በዚህም የተነሣ ራይተሩ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ዲስክ እያነበበ፣ መጻፍ ሲጀምር ግን ኀይል አንሶት ሊቆም ይችላል። ይህ ሲሆን ባለሱቁ ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል። ስለዚህ ተጨማሪ ኀይል የሚስብ ሁለተኛ ራስ ያለበት ኬብል፣ ወይም የራሱ አዳፕተር ያለው ራይተር ይመረጣል። እንደዚሁም በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ዲስክ ስለሚበላሽ፣ ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ መጻፍ መልካም ነው።

2ኛ/ ስለ መሰኪያው፤ በአሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ ያለው ሰፊው ዩኤስቢ ኤ ነው። ከአዲሶቹ መካከል ግን ተገልብጦም የሚገባው ትንሹ ዩኤስቢ ሲ ብቻ ያላቸው አሉ። ስለሆነም ሁለቱንም ራስ የያዘ ኬብል ወይም መለወጫ አብሮት መኖሩን ማረጋገጥ ያሻል። ነገር ግን «ዩኤስቢ 3.0» ለሚለው ጽሑፍ ብቻ ተጨማሪ ዋጋ መክፈል አያስፈልግም። በ8 እጥፍ ፍጥነት ዲቪዲ የሚጽፍ ራይተር በሰከንድ የሚያስተላልፈው 11 ሜጋባይት ያህል ስለሆነ፣ ዩኤስቢ 2.0 ይበቃዋል።

3ኛ/ ስለ ፕሮግራም፤ ዊንዶውስ ኤክስፒና ከርሱ ወዲህ የወጡት ራይተሩን እንደተሰካ ያውቁታል። ሆኖም ኤክስፒ በራሱ የሚጽፈው ሲዲን ብቻ ስለሆነ፣ ለዲቪዲ ሌላ ፕሮግራም መጫን ግድ ነው። አፕል ይሸጠው የነበረው ሱፐርድራይቭ ደግሞ ለማክ ኮምፒዩተሮች የተሠራ በመሆኑ፣ ልዩ ልዩ ደንበኛ ላለው ባለሱቅ አይስማማም።

4ኛ/ ስለ ዲስኩ፤ ሲዲ 700 ሜጋባይት፣ ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት፣ ብሉሬይ 25 ጊጋባይት ይይዛል። የዲቪዲ ራይተር ሲዲንም ዲቪዲንም ያነባል፤ ብሉሬይን ግን አያነብም። የሲዲ ማንበቢያ ብቻ ላለው አሮጌ ኮምፒዩተር የሚላክ ሥራም በሲዲ ሊጻፍ ይገባል።

ዕቃውን ከአዲስ አበባ ወይም ከድሬዳዋ አምጥቶ በሂርና፣ በበደሳ፣ በገለምሶ ወይም በሚኤሶ ለሚሸጥ ባለሱቅ፣ የማይሠራውን ለመለወጥ የሚያወጣው የመንገድ ወጪ ከትርፉ ሊበልጥበት ይችላል። አስመጪውም በብዛት ከማዘዙ በፊት ናሙና አስመጥቶ፣ በአንድ አሮጌና በአንድ አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ሙሉ ዲስክ አስጽፎ ቢፈትነው ራሱንም ደንበኞቹንም ከኪሳራ ያድናል። ማንበቡን ብቻ አይቶ መግዛት አይበቃም።

ራይተር የገዛ ነጋዴ የመጀመሪያ ሥራው አሮጌዎቹን የሒሳብ ዲስኮች አንድ በአንድ ከፍቶ፣ ወደ አዲሱ ኮምፒዩተርና ወደ ሌላ ተጨማሪ ማስቀመጫ መገልበጥ ነው። ዲስክ በጭረትና በሙቀት የሚበላሽ ስለሆነ፣ መዝገቡ በተጠየቀ ዕለት ከመጨነቅ ዛሬውኑ መገልበጥ ይሻላል።