ለማዕድን ምሕንድስና ተልከው ሠዓሊ የሆኑት

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ወጣቶችን ለትምህርት ወደ ውጭ ሲልክ፣ ብዙ ጊዜ የሚማሩትንም የሚመርጥላቸው እርሱ ነበር። ከጦርነቱ በፊት ከተማሩት ጥቂት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋና እርሱን ተከትሎ በመጣው ግድያ አልቀዋል። አገር የሚጠግን መሐንዲስና ሐኪም በአስቸኳይ ይፈለግ ነበር፤ የልጅነት ምኞትን የሚጠይቅ አልነበረም።

አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው የሰፈራቸውን ግድግዳ በሥዕል ይሞሉ ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1947 በ15 ዓመት ግድም ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነው። እዚያ በገቡበት አዳሪ ትምህርት ቤት መምህራኑ ተሰጥኦአቸውን አይተው አበረታቷቸው። ከዚያ ምሕንድስናውን ትተው ለንደን በሚገኘው ሴንትራል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስሌድ ተማሩ። አደራ ተቀብሎ ለሄደ ወጣት ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ የመንግሥት ሹመት ከመያዝ ይልቅ በየክፍለ ሀገሩ እየዞሩ የሕዝቡን ኑሮና ባህል ማጥናት መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርእያቸውን አሳዩ፤ ከዚያም ለሁለት ዓመት ያህል እንደገና አውሮፓን ዞሩ። ከጉዟቸው ሁሉ ትልቅ ግምት ሊሰጠው የሚገባው ይኸኛው ነው። በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡትን ጥንታዊ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሥዕሎች አጠኑ። ለንደን ካሉት ብራናዎች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፋቸው ናቸው። የአንኮበሩ ልጅ የአባቶቹን የብራና ሥዕል ለማየት ባሕር መሻገር ግድ ሆነበት፤ ይህ ዛሬም የሚያንገበግብ ነው። በዚያው ጉዞ ባለቀለም የመስታወት ሥዕል አሠራርንም ተማሩ። ቀለሙ ያለው በራሱ በመስታወቱ ውስጥ ስለሆነ ሥዕሉ ሕይወት የሚዘራው ብርሃን ሲያልፍበት ነው።

ይህ ሁሉ ዕውቀት አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ ፍሬ አፈራ። አዳራሹ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲመረቅ ሠዓሊው ገና 28 ዓመታቸው ነበር። ሦስት ክፍል ያለውና በጠቅላላው 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የመስታወት ሥዕል የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ የነጻነት ትግሏንና መጪ ተስፋዋን ያሳያል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው ከሁለት ዓመት በኋላ በዚሁ አዳራሽ ነው።

አፈወርቅ በዚህ መንገድ ብቻቸውን አልነበሩም። የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ዌልስ የተላኩት ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ሙዚቃ አዘነበሉ፤ በለንደን፣ ቀጥሎም በቦስተን ከተማ በበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው የኢትዮ ጃዝ አባት ሆኑ።

አፈወርቅን ማዕድን እንዲማሩ የላካቸው መንግሥትም ምርጫቸውን ተቀብሎ አክብሯቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበሉት እርሳቸው ናቸው።