የሳባን የእረፍት ሰዓት ውሳኔ

እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 8 ቀን 2018 አትላንታ ላይ በተካሄደው የአሜሪካ ኮሌጆች ፉትቦል የዋንጫ ጨዋታ አላባማ በጆርጂያ 13ለ0 እየተመራ እረፍት ወጣ። ኳርተርባክ ማለት ኳሷን ተቀብሎ ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች ነው። ጃለን ኸርትስ ደግሞ ኳሷን ይዞ መሮጥ ያውቅበታል፤ በዚያ ጨዋታ ግን መወርወሩ አልሰመረለትም።

አሰልጣኝ ኒክ ሳባን ለሁለት የውድድር ዘመን ያሰለፉትን ልጅ አስቀምጠው ግራኙን የ19 ዓመት ጀማሪ ቱዋ ታጎቫይሎዋን አስገቡ። ድፍረት ነው ወይስ ቁማር? ወርዋሪ ሲገባ ተከላካይ ፊት ለፊት ብቻ መጠቅጠቅ አይችልም። ጨዋታው 20ለ20 ሆነ። በጭማሪው ጆርጂያ 3 ነጥብ አገባ፤ ቱዋም ተይዞ 16 ያርድ አስበላ። ቀጥሎ 41 ያርድ ወርውሮ ለዴቮንታ ስሚዝ አቀበለና 26ለ23 አለቀ።

ኸርትስ አኩርፎ አልሄደም። ዲሴምበር 1 ቀን 2018 እዚያው አትላንታ ቱዋ ሲጎዳ ተቀይሮ ገባና ያንኑ ጆርጂያን 35ለ28 ረታ።